ክርስትናው ላይ ያልመጣሁበት ምክንያት

እህትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው ከጠፋሁብሽ። ለልጅሽ ክርስትና ስቀር «የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ከበዳት» ብለሽ አምተሽኛል አይደል? እውነቱን ልንገርሽ፤ እከክ ይዞኝ ነበር። አትሳቂ! የ40 ቀን ልጅ አቅፌ፣ አንቺን አገላብጬ ስሜ፣ ምን ትቼልሽ እንደምሄድ አስቢው። ከዚያ በኋላ መደወሉም አሳፈረኝ።

የጀመረው በትንሹ ልጄ ነው። ቀን ደህና ይውላል፤ ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲሞቀው የጣቶቹን መሐል ይፎክታል። በባትሪ ሳየው በእርሳስ ጫፍ የተጫረች የምትመስል ቀጭን መስመር አለች። ለካ የእከክ ተባይዋ የቆፈረችው ነው። የድኝ ቅባት ገዛሁ፤ ቤቱ ክብሪት ክብሪት ሸተተ። የቀባሁት ግን እሱን ብቻ ነበር። እሱን ሲተወው እኔን፣ እኔን ሲተወኝ አባቱን! መጀመሪያ ሲይዝ ማሳከኩ እስኪጀምር እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል አሉ፤ ሰውየው ግን እስከዚያም ያስተላልፋል።

በመጨረሻ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ በየተራ መዘነችን። አይቨርሜክቲን የሚባል ኪኒን ነው፣ የሚሰጠውም በኪሎ። እኔ 60 ስለሆንኩ ባለ 3 ሚሊ ግራሙን አራት ፍሬ ዋጥኩ። በቃ! ከሳምንት በኋላ ደገምን። ለነፍሰ ጡርና 15 ኪሎ ላልሞላ ልጅ ስለማይሰጥ ትንሹ ፐርሜትሪን የሚባል ቅባት ማታ ተቀብቶ ጠዋት ታጠበ። ሁላችንም በአንድ ቀን!

ኪኒኑ እኮ አዲስ አይደለም፤ የወንዝ ዝንብ ለምታመጣው የዓይን በሽታ ሲታደል የኖረው ነው። መነሻው ከጃፓን አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው፤ አግኚዎቹ በፈረንጆቹ 2015 ኖቤል ተሸለሙበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለእከክ ብሎ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው ግን በ2019 ነው። አሜሪካኖች ደግሞ በ2021 አንዴ ብቻ የሚቀባ ስፒኖሳድ የሚባል ፈቅደዋል። ፒያሳ ፋርማሲ ጠይቄ «ምን አልሽ?» ተባልኩ።

የከበደኝስ ልብሱ ነው። በደሴ ጉም ብርድ ልብስ አድርቂ እስቲ! ያላጠብኩትን በፌስታል አስሬ አራት ቀን አቆየሁት፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ከወረደች ከሁለት ሦስት ቀን አታልፍም። ማሳከኩ ግን ከኪኒኑ በኋላም ሦስት ሳምንት ቀጠለ፤ አልሠራም ብዬ አልቅሻለሁ። ነርሷ «አብሽሪ፣ የቆዳው ቁጣ ነው» አለችኝ። እውነትም ለቀቀኝ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ቡና አፍይልኝ። ልጁን ከመስጠትሽ በፊት ጣቶችሽን ልይ ብትዪኝም አልቀየምሽም።