አስታማሚውንም አስተምሩት

ይድረስ ለጤና ገጽ አዘጋጆች፣

ስለ ካንሰር የምታወጡትን ጽሑፍ ሁሉ ቆርጬ አስቀምጣለሁ። ይህን ማድረግ የጀመርኩት ከሰባት ወር ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ገጹን ዝም ብዬ ነበር የማልፈው። በጽሑፎቹ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ታማሚ አለ፣ መድኃኒት አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ይዞ አልጋ አጠገብ የሚቆመው ሰው ግን የለም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ስለ እሱ ልጻፍላችሁ።

ባለቤቴ 41 ዓመቷ ነው። የያዛት አጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ነው። መቅኔ ውስጥ ያልበሰሉ ሴሎች ይበዙና ጤነኛውን ደም ቦታ ያሳጡታል። የጀመራት በድድ መድማትና በድካም ነበር። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። «ሥራ በዝቶብሽ ነው» እላታለሁ። ያቺ ቃሌ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

የመጀመሪያው ዙር ኬሞ ሰባት ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ በደም ሥሯ ገባ። ከሰባቱ በሦስቱ ቀን ደግሞ ቀይ መልክ ያለው ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። ከወር በኋላ መቅኔዋ ታየና ሐኪሟ «ሪሚሽን ላይ ነን» አሉን። ዳነች ብዬ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። አልዳነችም ነበር። ሪሚሽን ማለት ያልበሰሉት ሴሎች መቅኔ ውስጥ ከ5 በመቶ በታች ወረዱ፣ ጤነኛው ደምም ተመልሶ መመረት ጀመረ ማለት ነው። የእሷ ዓይነት ደግሞ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከሌላ ሰው የሚወሰድ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል ተባልን።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ከሁለተኛው ዙር በኋላ የሆነው ነገር ነው።

ወደ ቤት ስንሸኝ አንድ ወረቀት ተሰጠን። «ትኩሳት ካለ ይምጡ» ይላል። ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይልም። ወረቀቱን የሰጡት ለእሷ ነው። እሷ በዚያ ሰዓት ዓይኗን መግለጥ እንኳን አቅቷት ነበር። እኔ ሻንጣ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «እርስዎስ ገባዎት?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት «በረደኝ» አለች። ለካኋት፤ 38.2። ቀላል ትኩሳት መሰለኝ። ልጃችን ሲያተኩሰው የምናደርገውን አደረግኩ፤ ፓራሲታሞል ሰጠኋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ 37.1 ሆነ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ቀሰቀሰችኝ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ የደም ግፊቷ ወርዷል። ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል፣ ከ100 በታች ነበር። ከ500 ሲወርድ ነው ከባድ አደጋ የሚባለው።

ተረፈች። አሥራ አንድ ቀን አንቲባዮቲክ ወስዳ ተረፈች።

ያስረዱኝ ያኔ ነው። አንዲት ሲስተር ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጭ የደም ሴል የሌለው ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው መግል አይቋጥርም፣ ቁስሉም ላይቀላ ይችላል አለችኝ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። ፓራሲታሞል መስጠት ደግሞ ሌባ ሲገባ የሚጮኸውን ውሻ አፉን እንደ ማሰር ነው። ቁጥር ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ 38.3 ካነበብኩ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መምጣት። ኪኒን ከመስጠት በፊት መደወል። ሙቀት በፊንጢጣ አለመለካት። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ተራ አለመጠበቅ፤ «ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት» ብዬ ጮክ ብዬ መናገር፤ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት። ከዚያ «እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» አለችኝ። መልሼ ነገርኳት። አንድ ነገር ተሳሳትኩ፤ አረመችኝ።

ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዘጠኝ ቀን በፊት በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር።

ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም። በእጃቸው ስንት ሰው እንዳለ አይቻለሁ። ግን ታማሚዋ ያለችበትን ሁኔታ አስቡት። በዚያ ቀን የተነገራትን አታስታውስም። ኪኒኑን ቆጥሮ የሚሰጣት፣ ትኩሳቷን የሚለካው፣ ትሂድ ወይስ ትቆይ ብሎ ሌሊት የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ትምህርቱ መሰጠት ያለበት ለዚያ ሰው ነው።

በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ደብተር ገዝቼ አምድ አሰመርኩ። ሰዓት፣ ሙቀት፣ የወሰደችው መድኃኒት፣ የጠጣችው ውሃ፣ የደም ውጤት። ሐኪሟ አሁን ስንገባ መጀመሪያ የሚጠይቁት ደብተሩን ነው። ማስታመም ለማያውቅ ሰው ደብተር መያዣ ይሆናል። እጄ ሥራ ሲያገኝ ልቤም ትንሽ ይረጋል።

በሦስተኛው ዙር የሰጧት መድኃኒት መጠኑ ከፍ ያለ ነበር። በዚህ መጠን ሲሰጥ ዓይን ስለሚያቃጥል በየስድስት ሰዓቱ ጠብታ አለ። የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍልም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መድኃኒት በፊት ሲስተሯ ጣቷን አፍንጫዋ ላይ ታስነካታለች። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥታ አንድ ዓረፍተ ነገር ታስጽፋታለች። የእጅ ጽሑፏ ከተበላሸ መድኃኒቱ ይቆማል። የመጀመሪያው ቀን «ዛሬ ረቡዕ ነው» ብላ ጻፈች። በማግስቱ «የልጄ ጫማ ጠቦታል፤ ግዛለት» ብላ ጻፈች። ሲስተሯ ፊደሉን እያየች ነበር፤ እኔ መልእክቱን። ወረቀቶቹን ሁሉ ደብተሩ ውስጥ ለጥፌያቸዋለሁ።

ማንም ስለማያወራው ነገርም ልጻፍ። ምግብ አጣልቶናል። ሁሉ ነገር ብረት ብረት ይላታል፤ እኔ ማንኪያ ይዤ እለምናለሁ። «ለእኔ ስትዪ ብዪ» አልኳት አንድ ቀን። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይታ «ላንተ ብዬ ብዙ ነገር እችላለሁ፤ ይህን ግን ለራሴ ልቻለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግቡን በትንሽ በትንሹ አጠገቧ አስቀምጬ ወጣ እላለሁ። እንዲያ ስሆን የተሻለ ትበላለች።

«አይዞሽ» ማለትም አቁሚያለሁ። እሷ ናት ያስቆመችኝ። የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ በስልክም በአካልም፣ አይዞሽ ይላታል። «አይዞሽ ሲሉኝ ደኅና ነኝ ማለት አለብኝ፤ ደኅና አይደለሁም» አለች። አሁን ዝም ብዬ እግሯን አሻለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ስለ ሞት ማውራት ስትፈልግ ነው። የቤቱ ሰነድ የት እንዳለ፣ ልጁ ከማን ጋር እንዲሆን የምትፈልገው። ሁለት ጊዜ «ኧረ ተይ፣ በጎ በጎውን እናውራ» ብዬ ዘጋሁባት። ሦስተኛ ጊዜ አላነሣችውም። ከሳምንት በኋላ ይህንኑ ለእህቷ ስትናገር ሰማሁ። ለእኔ ብላ ፈርታ ለሌላ ሰው ተናገረች። በዚያው ማታ አጠገቧ ተቀምጬ «ንገሪኝ» አልኳት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረች። እኔ ጻፍኩ። ሲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች።

ስለ ንቅለ ተከላው ሰዎች ብዙ ይጠይቁኛል። አብዛኛው ሰው ቀዶ ጥገና ይመስለዋል። አይደለም። የለጋሹ ሴል በከረጢት ሆኖ ልክ እንደ ደም በደም ሥር ይገባና ራሱ መንገዱን አግኝቶ መቅኔ ውስጥ ይሰፍራል። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ በከባድ ኬሞ የራሷ መቅኔ ባዶ ይደረጋል።

የነገሩን አመጣጥ እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት አነበብኩ። ኢ. ዶናል ቶማስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ናቸው የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተሙት። በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ባለቤታቸው ዶቲ ጋዜጠኝነት ያጠኑ ነበሩ፤ እሱን ትተው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኑና ዕድሜ ልካቸውን አብረዋቸው ሠሩ። የሙያ ባልደረቦቻቸው «የመቅኔ ንቅለ ተከላ እናት» ይሏቸው ነበር። ጠዋት ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሽልማቱ ላይ ስሟ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት።

ለጋሹ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ሰው ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እሷ አራት ወንድምና እህት ስላሏት ሰው ሁሉ «አንዱ አይቀርም» ይል ነበር። ሒሳቡ እንዲያ አይደለም፤ ቢያንስ አንዱ የመግጠም ዕድል 68 በመቶ ገደማ ነው። ይህን አስቀድሜ ማወቄ ውጤቱን እስክንሰማ ዝም እንድል አደረገኝ። ሲመጣ እሱ ገጠመ፤ ታላቅ እህቷ ግን አለቀሰች። «እምቢ ያልኳት ነው የመሰለኝ» አለች። ያልገጠመ ሰውም መጽናናት እንደሚፈልግ ያኔ ገባኝ። ቤተሰቡ ውስጥ ሙሉ ግጥም ያጣችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ዛሬ ከወላጅ ወይም ከልጅ በግማሽ ገጥሞም ይሠራል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ወንድሟ አራት አምስት ቀን ቆዳው ሥር መርፌ ይወጋል፤ ሴሎቹን ከመቅኔ ወደ ደም የሚያወጣ ነው። አጥንቱን ያመዋል ብለውናል። ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት ማሽን ላይ ይሆናል፤ ማሽኑ የሚፈለገውን ወስዶ ቀሪውን ደም ይመልስለታል። እሷም ጥርሷ ታይቷል፣ የልብ ኢኮ ተነሥታለች፣ ሳንባዋ ተለክቷል። አንድ የበሰበሰ ጥርስ ተነቅሏል። በዚያ ሁሉ ኬሞ ውስጥ አንድ ጥርስ እንኳን የኢንፌክሽን በር ይሆናል።

ንቅለ ተከላውን ለመጀመር ስንዘጋጅ አንድ ነገር አስገረመኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «አስታማሚው ማን ነው?» የሚል ነበር። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ እስከ 100ኛው ቀን አካባቢ ሌት ተቀን አብሯት የሚሆን ሰው ከሌለ ብዙ ማዕከላት ሕክምናውን አይጀምሩም። አስቀምጠው አስተማሩኝ። ካቴተሩን፣ ማለትም መድኃኒት የሚገባበትን በደም ሥሯ ውስጥ ያለውን ቀጭን ቱቦ፣ እንዴት እንደምይዝ፣ የለጋሹ ሴል ሰውነቷን ሲያጠቃ ቆዳዋ ላይ፣ ሆዷ ላይ፣ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ምን እንደማይ፣ ማን ጋ እንደምደውል። ተተኪ አስታማሚም ጠየቁኝ፤ እኔ ጉንፋን ቢይዘኝ ክፍሏ መግባት ስለሌለብኝ። የእህቷን ስም ሰጠሁ።

እንግዲህ ይህ መደረግ የሚቻል ከሆነ ለምን እስከ ንቅለ ተከላ ይጠበቃል? ነጭ የደም ሴሏ የወረደው በሁለተኛው ዙር ኬሞም ነው። በማንኛውም ከባድ ኬሞ ወደ ቤት የምትሸኝ ሴት፣ የሚሸኝ ወንድ፣ ያው አደጋ አለባቸው። ለእነሱም አስታማሚ «እርስዎስ ገባዎት?» ይባል። ቁጥሩ ይጻፍለት። ሌሊት የሚነሣ ስልክ ይሰጠው። መልሶ እንዲናገር ይደረግ። የምጠይቀው ይህን ነው።

አስታማሚን መርዳት ለምትፈልጉ ወዳጆችና ዘመዶችም አንድ ቃል። «ራስህን ጠብቅ» ብዙ ሰው ይለኛል። የጠቀመኝ ግን ልጄን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደረሰልኝ ጎረቤት ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አጠገቧ ተቀምጣ ያስተኛችኝ ጓደኛዋ ናት። አፍንጫው ሲያሳክከው «ዛሬ አልመጣም» ብሎ የደወለው አጎቷ ነው። ያ ስልክ ከብዙ ጥየቃ በልጦብኛል።

አዘጋጆች ሆይ፣ በገጻችሁ አንድ የካንሰር ሐኪምና አንዲት ነርስ ለአስታማሚ ብቻ የሚናገሩበት ዓምድ ብታወጡ ጥያቄዎቼን ጽፌ እልካለሁ። ደብተሩ ውስጥ 34 አሉ።

ማክሰኞ ትገባለች። ይህን ደብዳቤ አንብባዋለች። አንድ ቦታ «ይህን አውጣው» ብላኝ አውጥቻለሁ። ፓራሲታሞሉን ግን እኔ ላወጣው ስል «ተወው፣ ይታተም» አለችኝ።

ባለቤቷና አስታማሚዋ