ደብዳቤ ለልጄ፦ የደሴ ብርድ ሳይገባ

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 18

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ትንሿንም ሳሚልኝ።

ትናንት በስልክ «አባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ ብርዱም ቀለለ» ስትዪኝ ልቤ አላረፈም። የደሴ ብርድ ገና አልመጣም። አንቺ ያደግሽው ኮምቦልቻ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ የገባሽባት ከተማ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ በዚህ ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቢበረታም ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሩም ቆርቆሮውም ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል። ውርጩ የሚወርደው ያኔ ነው። የጦሳ ተራራ ደግሞ በምዕራብ በኩል ቆሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ቶሎ ይጋርድባችኋል።

የአያትሽ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ጭቃ ደረቅ ሲሆን ቀን የጠጣውን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። እርጥብ ከሆነ ግን ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ምን ቢነድበት አይሞቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቤቱ ይድረቅ። በጓሮ ያለውን ቦይ አስጠርጉ፣ ከተዳፋቱ የወረደ ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይተኛ። አሸንዳውንም እዩት፤ ቀዳዳ ካለው ግድግዳውን ሲያርስ ከርሟል ማለት ነው። ፀሐይ ሲወጣ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ አናፍሱ፣ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቁ። ልስኑ የተላጠበትን ቦታ ጭድ ባለው ጭቃ ምረጉት፤ ጭቃው ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይሰንብት፣ በችኮላ የተመረገ ይሰነጠቃል። ጎረቤት «ሲሚንቶ አስለስኑት፣ ይገላገላል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋደድም፣ እርጥበቱን ከኋላው አፍኖ ይይዘውና ግድግዳውን ያበሰብሰዋል።

ከዚያ ነፋስ መግቢያውን ፈልጉ። ነፋስ ባለበት ማታ ሻማ ለኩሰሽ ከመጋረጃው አርቀሽ በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ አዙሪው፤ ነበልባሉ ጋደል ያለበት ቦታ ስንጥቅ አለ። የመስታወቱን ጠርዝ በስቱኮ፣ የበሩን ሥር በጎማ ወይም በተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ ዝጉት። የመኝታ ቤቱ አቡጀዲ ኮርኒስ መቀደዱን አይቻለሁ፤ እሱን አትለፉት። ከራስ በላይ ባዶ ቆርቆሮ ካለ የተኛ ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ብርድ ልብሱም ሲርስ ያድራል። አቅም ካላችሁ ለዚያች ክፍል ብቻ ቺፑድ አስመቱ። ሳሎኑ ለከርሞ ይደርሳል።

አሁን የምጽፈውን ለባለቤትሽም አንብቢለት። ስለ ከሰል ነው። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ማንደጃው ሲነድ እኛ ቤት በሩ ክፍት ነው፤ እዚያ ግን ሰው ብርዱን ፈርቶ ይዘጋዋል፣ ሲመሽም የተረፈውን ፍም ለማሞቂያ ብሎ መኝታ ቤት ያስገባል። «ጭሱ አልቋል፣ ነጽቷል» ይባላል። ልጄ፣ አልነጻም። ከሰል ፍም ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ይከለክለዋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል፣ ሕፃን ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ስንጥቁን ሁሉ ከደፈንን በኋላ አደጋው ይብሳል፤ የተደፈነ ቤትና ማንደጃ ባንድ ላይ አይሆኑም። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሊው። ዝናብ ሆኖ ቤት ውስጥ ካፈላሽም በርና መስኮቱ ይከፈት፣ ሲያልቅ ፍሙ ከነአመዱ ደጅ ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ቢሰማችሁ፣ በተለይ ሁለታችሁንም ባንድ ጊዜ ከሆነ፣ ምክንያቱን ቁጭ ብላችሁ አትፈልጉ፤ ልጅቷን ይዛችሁ ደጅ ውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

«ታዲያ በምን እንሙቅ?» ትዪኛለሽ። ከታች ጀምሪ። ብርድ የሚገባው ከሥር ነው፣ ፍራሹ ሥር አጎዛ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ። እናትሽ የሱፍ ባና አዘጋጅታልሻለች። ለትንሿ ቀጫጭን ልብስ ደራርቢላት እንጂ ከባድ ብርድ ልብስ አትጫኚባት፣ ፊቷን ይሸፍንባታል። አልጋዋን በሙቅ ውሃ ላስቲክ አሙቂውና ከመተኛቷ በፊት አውጪው። በደቡብ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። ከጥቅምት በኋላ ፀሐይ ወደዚያ ስለምታዘነብል ጧት መጋረጃውን ገልጠሽ ወለሉ እስኪሞቅ ተዪው፣ ፀሐይዋ ጦሳ ላይ ሳትደርስ ዝጊው።

ያ መስኮት የእንጨት መዝጊያ የለውም። ቁመቱንና ወርዱን በሜትር ለክተሽ በስልክ ንገሪኝ፤ ጣውላውን እዚህ አስቆርጬ እሠራዋለሁ። ከእናትሽ ባና ጋር ይዤ ለሰኞ ገበያ ቀን ኢንሻአላህ እመጣለሁ። አብሽሪ።

አባትሽ