ስለ ቅዳሜው የፕሮክሲ ፍተሻ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አራት ኪሎ፣ የተለመደው ቦታ እንገናኝ። ስኩዊድን፣ ማለትም በተጠቃሚውና በኢንተርኔት መካከል ሆኖ ጥያቄ የሚያስተላልፈውን የፕሮክሲ ሶፍትዌር፣ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ እንደገና እንፈትሻለን። ላፕቶፕና የኔትወርክ ኬብል ይዛችሁ ኑ። በዋይፋይ ከለካን የምናገኘው ቁጥር የዋይፋዩ እንጂ የሰርቨሩ አይሆንም።

ባለፈው ፒያሳ ያገኘነው ውጤት ሁላችንንም አስደስቶናል፤ እኔ ግን አላመንኩትም። አንድ ገጽ ብቻ ደጋግመን ስለጠራን መልሱ በሙሉ ማለት ይቻላል ከካሽ (ፕሮክሲው ቀድሞ ካስቀመጠው ቅጂ) ነው የመጣው። እውነተኛ ተጠቃሚ እንደዚያ አያደርግም። አንዱ ዜና ያነባል፣ ሌላው ትልቅ ፋይል ያወርዳል። ስለዚህ አሁን ብዙ የተለያዩ አድራሻዎችን እንቀላቅላለን። መጀመሪያ ካሹ ይሙላ፣ ከዚያ መለካት እንጀምር።

ጥያቄ የሚልከው ማሽንና ፕሮክሲው ለየብቻ ይሁኑ። አንድ ላይ ከሆኑ ፕሮሰሰሩን ይሻማሉ። ፖርቱ ያው 3128 ነው።

አደራ፣ የምላሽ ጊዜውን አማካይ ብቻ አትመዝግቡ። ከ100 ጥያቄ 95ቱ በስንት ሚሊሰከንድ ውስጥ እንደተመለሱም ጻፉ። ሰው የሚማረረው በቀሩት 5ቱ ነው።

ኤችቲቲፒኤስን (ተመስጥሮ የሚላከውን የድረ ገጽ ግንኙነት) ለብቻው እንለካዋለን። ስኩዊድ ምስጠራውን እንዲፈታ ካልተዋቀረ በቀር ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ካሽ ውስጥ አያስቀምጠውም።

የምትቀሩ ካላችሁ እስከ ዓርብ ማታ አሳውቁኝ።