ከ«አብሽሪ» በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። 17 ዓመቴ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ጋዜጣ አንባቢው አባቴ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይውላል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጋዜጣውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነባል። ሲጨርስ ይዘረጋውና የሱሪና የቀሚስ ልክ ይቆርጥበታል። ይህን የምጽፈው እሱ እንዲያነበው ነው። ሌሎች አባቶችና እናቶችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ፊት ለፊት ልነግረው ጀምሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

እኛ ወሎዎች አንድ ቃል አለን። አብሽር። ለሴት ሲሆን አብሽሪ። የታመመ ልንጠይቅ ስንገባ እንለዋለን። የከሰረ ነጋዴ ትከሻውን ነካ እያደረግን እንለዋለን። ለቅሶ ቤትም እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይለዋል። አይዞህ፣ ያልፋል፣ አትጨነቅ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ነው። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ። ከአያቴ አፍ ሲወጣ ሰውነቴ ፍታት ይላል። ዘንድሮ ግን ይኸው ቃል አፌን ዘጋኝ።

ነገሩ ጥር ላይ ነው። ሞዴል ፈተና እየተፈተንን ነበር፤ ሒሳብ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ዳገት ሮጬ የወጣሁ ነው የሚመስለው፤ ግን ወንበር ላይ ነኝ። ቀጥሎ የጣቶቼ ጫፍ ነዘረኝ። ከዚያ ከንፈሬ ዙሪያ ደነዘዘ። እስክርቢቶውን ይዣለሁ፤ መያዜ ግን አይታወቀኝም። ትንፋሽ ያጠረኝ መሰለኝና ቶሎ ቶሎ ስተነፍስ ባሰብኝ። ልሞት ነው አልኩ። እውነቴን ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። የመዳፌ ላብ ወረቀቱ ላይ እርጥብ ክብ ሠርቶ የጥያቄውን ቁጥር አደብዝዞት ነበር። እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋው እሱ ነው።

ፈታኙ መጣ። «ያላጠና ሰው እንዲህ ያደርገዋል» አለ፤ ሌሎቹ እየሰሙ። ተነሥቼ ወጣሁ። ከሕንፃው ጀርባ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁሉም ለቀቀኝ። ሐፍረቱ ብቻ ቀረ። አጥንቼ ነበር እኮ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅጡ ሳልተኛ ነው ያጠናሁት።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ አባቴ ጋ ሄድኩ። የሰርግ ወቅት ነው፤ ጨርቁ እስከ ጉልበቱ ተከምሯል። ከጎኑ ዱካ ላይ ተቀመጥኩና «አባዬ፣ ዛሬ ፈተና ላይ...» ብዬ ጀመርኩ። እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ማሽኑ ትር ትር ይላል። ልቤ እንዴት እንደመታ መናገር ስጀምር፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል» አለኝ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጎ ሌላ ክር አስገባ። ማሽኑ እንደገና ትር ትር አለ። የቀረውን ዋጥኩት።

አባቴን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ 13 ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ገና መጀመሬ ነው። እንደ ብዙው ሰው እኛም ከተማውን ጥለን ወጣን፤ ደብረ ብርሃን ደረስን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ የአባቴ ማሽን የለም። ጨርቁ የለም። ሰው ሊሰፋለት አደራ የሰጠው ልብስም የለም። ለእያንዳንዱ ባለአደራ ቀስ በቀስ ከፈለ፤ ከዓመት በላይ ፈጀበት። ያኔም ያለው «አብሽሩ» ነው። ስለዚያች ማሽን አንድ ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ሳስበው «አብሽሪ» ሲለኝ ለራሱም እያለው ይመስለኛል። የእሱን ሆድ ማን ሰማለት?

እኔም ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ እደነግጣለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ሆነን፣ መጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋብን። የእኛ ዕድሜ ልጆች ጭንቀት ከቅብጠት የመጣ አይደለም። «እኛ በናንተ ዕድሜ ጭንቀት የሚባል አናውቅም» የሚሉን ትልልቅ ሰዎች ይህን ቢያስቡልን እላለሁ።

የፈተናው ነገር አለ ደግሞ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014ቱ ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ቁጥሮቹን ወድጄ አይደለም በቃሌ የያዝኳቸው። በየሳምንቱ ይነገሩናል። እንድንበረታ ነው የሚነግሩን፤ ይገባኛል። ግን እኔ ላይ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ክፍላችን ውስጥ 56 ነን። ከመቶ ስምንት ማለት ከእኛ መሀል አራት ወይም አምስት ልጅ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዓይኔ ሳላዘው ይቆጥራል። እሷ አንድ። እሱ ሁለት። ያ ልጅ ሦስት። አምስት ደርሼ ራሴን አላገኝም። ባንዲራ እየተሰቀለ እኔ የምሠራው ሥራ ይኼ ነው።

የዳንኩበትን ልናገር። ዳንኩ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የቀለለልኝን ልበል። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ ነርስ ናት። እትዬ ነው የምላት። የዕረፍት ሳምንት እሷ ጋ ወረድኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ሐረጎን ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ደሴ ጉም ውስጥ ትቼያት የሄድኩት ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ሆኖ ጠበቀኝ።

እትዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» አለችኝ። «ምንም፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ዝም አለች። ስልኳ ጠራ፤ ገልብጣ አስቀመጠችው። አሁንም ዝም። ዝምታው ሲበዛብኝ ማውራት ጀመርኩ። ልቤን፣ ጣቶቼን፣ የፈታኙን ንግግር፣ ሰልፍ ላይ የምቆጥረውን፣ የማሽኑን ድምፅ፣ ሁሉንም። እያለቀስኩ ነው። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ነው «አብሽሪ» ያለችኝ። ያው የአባቴ ቃል ነው። ያን ቀን ግን ገባልኝ።

ከዚያ እንደ ባለሙያ አስረዳችኝ። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል። ልብ የሚፈጥነው ለመሮጥ ወይም ለመታገል እንዲያዘጋጀን ነው። ሰውነት ፈተናን ከጅብ አይለይም። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከሚገባው በላይ ይወጣል። ጣትና ከንፈር የሚነዝረው፣ ራስ የሚያዞረው በዚያ ነው። አየር ያነሰን ይመስለናል እንጂ የተነፈስነው በዝቶ ነው። ይህን መስማቴ ብቻ ግማሹን አቀለለልኝ። በባዮሎጂ ትምህርት አድሬናሊንን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ቢመጣ እመልሰዋለሁ። የኔ ነገር መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። እስከ አራት እየቆጠርኩ በአፍንጫ አስገባለሁ፤ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አወጣለሁ። ዋናው ማውጫው መርዘሙ ነው። ጤነኛ ሆኜ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ለሁለት ሳምንት ተለማመድኩት፤ ጭንቅ ሲመጣ ያልለመዱትን ነገር ማድረግ አይቻልምና። ሁለተኛው ሞዴል ፈተና ላይ ልቤ እንደገና ጀመረ። «ይታወቃል፣ አድሬናሊን ነው» አልኩ በሆዴ። እስክርቢቶዬን አስቀምጬ ተነፈስኩ። ጥቂት ደቂቃ ወሰደብኝ። ዘጠኝ ጥያቄ ሳልሠራ ሰዓቱ አለቀ፤ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም።

እንቅልፍ ላይም ተቆጥታኛለች። በእኛ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል አለችኝ። እኔ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቴሌግራም ላይ የፈተና ጥያቄ ሳወርድ ነበር የማመሸው። ከማውረዴ በቀር አልሠራኋቸውም። አሁን ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬን ለእማዬ እሰጣታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጄ ትራሱ ሥር ሲፈልገው ነበር። ቡናም ቀንሻለሁ። ወሎ ውስጥ ይህን ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። አያቴ በረካውን ሳልጠጣ ስነሣ ፊቷ ይጠቁር ነበር። አሁን ስኒ ባልይዝም አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፤ ዱዓ ስታደርግልኝ እጄን ዘርግቼ አሚን እላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር በጦሳ ተራራ ዳገት እንሄዳለን። አንድ ስምምነት አለን። ስንወጣ ስለ ፈተና አይወራም፤ ስንመለስ ይፈቀዳል። ከላይ ሆነን ስናይ ከተማው በሙሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ትምህርት ቤታችንን ለማግኘት እንኳ ጊዜ ይወስድብናል።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። ፈተና ሲቀርብ በቡድን ቅመው የሚያጠኑ ልጆች አሉ። «ያነቃል» ይላሉ፤ ምርቃና ላይ ሁሉም የገባቸው ይመስላቸዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው። ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሲለቅ ደግሞ ድብርት ያመጣል። የሚጨነቅ ልጅ ላይ ሌላ ጭንቀት መጨመር ነው። ከጓደኞቼ አንዱ በዚህ የተነሣ ለቀናት እንቅልፍ አጥቶ አይቻለሁ፤ ስለ እሱ እስካሁን እጨነቃለሁ።

እትዬ አንድ ነገር ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔም እዚህ እደግመዋለሁ። የማይለቅ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ከነሣ፣ ከሰው ካስሸሸ፣ ጤና ተቋም መሄድ ነው። አንድ ልጅ መሞትን ማሰብ ከጀመረ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ብቻውን ሳይሆን የሚያምነውን ትልቅ ሰው ይዞ በዚያው ቀን ይሂድ። ጠበልም ይሁን ሩቅያ ከሐኪም ጋር አይጣላም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከክፍላችን 56 ልጆች ይህን ሳሰላ ስምንት ነን። ሰልፍ ላይ ይኼኛውን መቁጠር ጀምሬያለሁ። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዝም ያለው ሁሉ ይመስለኛል።

መምህራኖቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የፈተና ቀን የሚንቀጠቀጥ ልጅ ስታዩ አላጠናም ብላችሁ አትደምድሙ። ውሃ ስጡት፤ አምስት ደቂቃ በር ላይ ይቁም። ውጤታችንንም ስም እየጠራችሁ ለክፍሉ አታንብቡብን።

አባዬ፣ አሁን ላንተ ነው። የዚያን ቀን ልነግርህ የጀመርኩት ይኼ ነበር። እግርህን ከፔዳሉ ላይ አንሥተህ አሥር ደቂቃ ብትሰማኝ ይበቃኛል። መፍትሔ አምጣ አልልህም። ስጨርስ «አብሽሪ» በለኝ፤ ካንተ አፍ እንድሰማው እፈልጋለሁ። ከዚያ እኔ ደግሞ ስለ ድሮዋ ማሽን እጠይቅሃለሁ። ዱካዋን ይዤ ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ እመጣለሁ። ይህን ገጽ እስከዚያ ልክ አትቁረጥበት።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ
ደሴ