ከቬራ ወንዝ ዳር ለአባቴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትዎ ብቻ ነው። ባለፈው «ያለሽበት አገር መሬቱ እንዴት ያለ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ስልኩ ተቋረጠብን። በደንብ ልንገርዎ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከተማዋ ቪትሰንሃውዘን ትባላለች። መሃል ጀርመን፣ ቬራ የሚባል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የድሮ ቤቶቿን ቢያዩ ይገረማሉ። እንጨታቸው ከውጭ ይታያል፤ መሃል መሃሉ እንደኛው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። ዳገቱ ሁሉ ቼሪ ነው፤ ከፕሪም ያነሰ ቀይ ፍሬ። ሲያብብ ኮረብታው ነጭ ይሆናል። ወንዙ ግን ያሳዝነኛል። ከላይ ማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ ስለሚወጣ ጨው ይለቀቅበታል።

የምማርበት ግቢ ጥንት ገዳም ነበር። በ1898 (ሁሉንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) የቅኝ ግዛት ትምህርት ቤት ተቋቋመበት። ወጣቶቻቸውን እርሻ አስተምረው አፍሪካ ይልኩ ነበር፤ በሰው መሬት ላይ ጌታ እንዲሆኑ። ዛሬ እዚያው ግቢ ያለ ኬሚካል ማረስን ከሚያስተምሩን መካከል ተቀምጬ እማራለሁ። አንድ የመስታወት ቤት አላቸው፤ ውስጡ ሞቃትና እርጥብ ነው። ቡና፣ ሙዝ፣ ካካዎ ተተክሎበታል። የቡናውን ቅጠል በእጄ ነካሁት፤ አንጸባራቂ ነው፣ ጤነኛ ነው። ውጭ ደግሞ በረዶ ይጥላል።

ከሁሉም ያልወጣልኝ የድንበሩ ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ወገን ለአሜሪካ፣ ማዶው ለሶቪየት ደረሰ። አሜሪካኖቹ የሚፈልጉት የባቡር ሐዲድ ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር በሶቪየት በኩል ያልፍ ነበር። በ1945 ቫንፍሪድ በምትባል ከተማ ተቀምጠው መንደር ተለዋወጡ። ሁለት መንደር ወደዚህ፣ አምስት ወደዚያ። ገበሬውን የጠየቀው የለም። ወደዚህ የመጡት ቬርለስሃውዘንና ኖይዜዘን ዛሬ የዚችው ከተማ አካል ናቸው። የአምስቱ ሰዎች ግን እስከ 1989 ድረስ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመንን ከለየው የድንበር አጥር ማዶ ቀሩ። ለአንድ ሐዲድ ሲባል! መሬት ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ እኔም ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

አሁን ደግሞ የሚያስደስትዎትን ልንገርዎ። የወጥ ቤት ትራፊን ለብቻ ሰብስቦ ኮምፖስት ማድረግ በጀርመን መጀመሪያ የተሞከረው በዚች ከተማ ነው፤ በ1983። እዚህ ትልቅ ሥራ ተብሎ ይነገርለታል፤ ይገባዋልም። እርስዎ ግን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው ይህን ሲሠሩ ነው ያደግሁት። በክፍል ውስጥ ላቀርበው ፈልጌአለሁ። እበቱንና አመዱን በምን ያህል እንደሚቀላቅሉ፣ በስንት ጊዜ እንደሚያገላብጡት ለወንድሜ ይንገሩትና በቴሌግራም ይጻፍልኝ። ጉድጓዱንም ፎቶ ያንሳልኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ