ማስታገሻ ስትገዙ ለምን እንደምንጠይቃችሁ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ልትገዙ ስትመጡ «ሕመሙ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? ዕድሜዎስ?» እያልን መጠየቃችን አንዳንዶቻችሁን ቅር እንዳሰኘ እናውቃለን። ምክንያቱን ልናስረዳችሁ ይገባል።

አንዲት የሰፈራችን እናት ለወገባቸው ብለው ለወራት ከእኛ ዲክሎፌናክ ሲወስዱ ቆዩ። አንድ ቀን ልጃቸው ብቻውን መጣ። በምርመራ የተገኘባቸው መልቲፕል ማይሎማ የሚባል የደም ካንሰር ነው፤ ኩላሊታቸውም ተጎድቷል። መድኃኒቱን የሸጥንላቸው እኛ ነን፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነናል። ይህን የምንጽፈው ልጃቸው ፈቅዶልን ነው።

በሽታው የሚነሳው ከአጥንት መቅኔ ነው። መቅኔ ውስጥ ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚከላከል ፕሮቲን የሚሠሩ ፕላዝማ ሴሎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ከሥርዓት ይወጣና እየተባዛ የማይረባ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ሴሎቹ መቅኔውን ሲሞሉት ደም ማነስ ይመጣል፤ አጥንት እየተቦረቦረ ይሳሳል፤ ከአጥንት የወጣው ካልሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ የኩላሊትን ቱቦዎች ይደፍናል። እንዲህ በደከመ ኩላሊት ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመርበት ጨርሶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ጥያቄያችን ከዚህ የመጣ ነው።

ወገቡን ያመመው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለታችን አይደለም። አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ነው፤ የአከርካሪ ቲቢም አለ። ነገር ግን ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ሕመሙ ለሳምንታት አልለቅ ካለው፣ ድካም ወይም ክብደት መቀነስ ከተጨመረበት፣ የሳንባ ምች ከተመላለሰበት ይመርመር። የውሃ ጥም፣ የሆድ ድርቀትና መዘባረቅ ካልሲየም መብዛቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ለነገ አይባልም፤ ሕብለ ሰረሰር ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። እባካችሁ፣ ሳይመረመሩ ወጌሻ ጋር ሄደው አይታሹ፤ የሳሳ አጥንት በእጅ ጫና ይሰበራል።

ምርመራው የሚጀምረው ከቀላሉ ነው፦ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ)፣ ክሪአቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ካልሲየምና ራጅ። «ሽንትዎ ንጹሕ ነው» መባል ብቻውን አያሳርፍም፤ የተለመደው የሽንት ስትሪፕ በዋናነት አልቡሚን የተባለውን ሌላ ፕሮቲን እንጂ ይህን የማይሎማ ፕሮቲን በደንብ አይለይም። ቀጥሎ የደምና የሽንት ፕሮቲን ኤሌክትሮፎረሲስ (ፕሮቲኖችን ለያይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ይታዘዛል፤ ከዳሌ አጥንትም የመቅኔ ናሙና ይወሰዳል። በናሙናው ውስጥ የተበላሹት ፕላዝማ ሴሎች 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሆነው በአጥንት፣ በደም፣ በኩላሊት ወይም በካልሲየም ላይ ጉዳት ከታየ በሽታው ተረጋገጠ ይባላል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም በሽታ ስፔሻሊስቶች አሉ፤ ሪፈር አጽፉ።

መልቲፕል ማይሎማ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይድንም፤ ሆኖም በሕክምና ለዓመታት ተይዞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ በመርፌ ይሰጣል፤ ሌናሊዶማይድ ወይም ታሊዶማይድ በአፍ ይዋጣል፤ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድም አብሮ ይታዘዛል። ለአጥንት ዞሌድሮኒክ አሲድ ሲታዘዝ አስቀድሞ ጥርስን መታየት ያስፈልጋል፤ በኋላ ጥርስ ማስነቀል መንጋጋን ሊጎዳ ይችላልና። ታሊዶማይድና ሌናሊዶማይድ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዱ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ፤ ለሌላ ሰው አይሰጡ። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ከያዘው ደግሞ እኛ ጋር ፀረ ተሕዋስያን ፍለጋ አይምጣ፤ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

ቤት ያስቀመጣችሁት የክሪአቲኒን ውጤት ወይም የመድኃኒት ካርድ ካለ ይዛችሁ ኑ። ማስታገሻው ከኩላሊታችሁ ጋር ይስማማ እንደሆነ ያለ ክፍያ እናይላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያዎች
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ