«ፈተና ደርሶ ልቦለድ?» ለምትሉን፦ የሀዲስ ዓለማየሁ አንባቢያን ክበብ ዘገባ

በዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርት ላይ ክበባችን የተገለጸው በአንድ መስመር ነው፤ «ልቦለድ አንብበዋል፣ አንድ ጊዜ ሽርሽር ወጥተዋል» ይላል። ውሸት የለበትም። ግን የጸረ ኤድስ ክበብና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ገጽ ገጽ ሲደርሳቸው የኛ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን እዚህ ልሙላው።

ክበቡን የጠየቁት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ የተጀመረው በሚኒ ሚዲያው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በእረፍት ሰዓት ቆርጠን ቆርጠን ስንለቅ፣ ደወል ተደውሎም ከድምጽ ማጉያው ሥር የማይነቃነቁ ልጆች በዙ። የጥበቃው ጋሼ እንኳ በሩን ትተው ይመጡ ነበር። «ይህንማ ቁጭ ብለን እናንብበው» ሲሉኝ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

«የወሎ ደራሲ ጠፍቶ ነው የጎጃም የምታስነብበው?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። የወሎው ልጅ ማሞ ውድነህም ተራቸው ይደርሳል። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ግን በ1902 ጎጃም ይወለዱ እንጂ፣ መጽሐፋቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ከታተመ ወዲህ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ደግሞስ በጣሊያን ወረራ ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ኋላም የትምህርት ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ለትምህርት ቤት ባዳ አይደሉም።

ቤተ መጻሕፍታችን ያለው ሁለት ቅጂ ነው። አንደኛው ሽፋን የለውም። ሁለተኛው መጨረሻው ተገንጥሎ፣ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ወጥታ መንገድ ላይ እንዳለች ያልቃል። የ11ኛ ክፍል አባላችን መካነ ሰላም ከሚኖር ዘመዷ ሙሉውን ተውሳ፣ የጎደለውን ከደብተሯ በገነጠለችው ወረቀት ገለበጠችው። ሰማያዊው እስክሪብቶ ሲያልቅባት በቀይ ቀጥላ፣ በጆንያ መስፊያ መርፌ ከመጽሐፉ ጋር ሰፋችው። የበዛብህ ሞት አሁን በቀይ ነው የሚነበበው። ሆን ብላ እንዳልሆነ ምላ ነግራኛለች።

ሳምንታዊው ስብሰባ የታወቀ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት እየተገናኘን አነበብን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን፣ ተጨቃጨቅን። የጦፈው ክርክር የፊታውራሪ መሸሻና የገበሬዎቹ ነገር ነበር። ልጆቹ በሙሉ ለገበሬዎቹ መሪ ለአበጀ በለው አደሉ፤ ለፊታውራሪ የሚቆም ጠበቃ ስላጣን በዕጣ ነው የመደብነው። ለወላጆች ቀን ያሰብነው ድራማ አልተሳካም። ልብሱም፣ መድረኩም፣ የሚያስተባብረውም ጠፋ።

ወደ ሽርሽሩ ልምጣ። ሐሳባችን ጎጃም ተሻግረን ደራሲው የተማሩባቸውን አድባራት ማየት ነበር። በመንገዱ ጸጥታና በመኪና ኪራዩ ምክንያት አልሆነም። ጎጃም ካልተሄደ ከማዶ ሆኖ ማየት አይከለከልም ብለን፣ በጥር አንድ ቅዳሜ እህል አራግፎ በሚመለስ የወላጅ አይሱዙ ዓባይ አፋፍ ወረድን። ስንቃችን ቆሎና ዳቦ፣ በጀሪካን ውሃ። ገደሉ አፉን ከፍቶ ከሥር ዓባይ ቀጥኖ ይታያል፤ ማዶው የጎጃም ደጋ በጭጋግ ተሸፍኗል። «መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዲማ በየት በኩል ነው?» ሲሉኝ በግምት ጠቆምኩ፤ ሁሉም ጣቴን ተከትለው ምንም የማይታይበትን አቅጣጫ አፍጥጠው አዩ።

እዚያው ቁጭ ብለን፣ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው በዛብህ ከእናት ካባቱ ተለይቶ ለትምህርት የሚንከራተትበትን ክፍል አነበብን። ተራው የደረሰው ለጓደኛው ብሎ ክበቡ የገባ፣ በስብሰባ ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ጥቂት አንብቦ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «ቲቸር፣ ይሄማ የኛ ደረሳ ነው» አለ፤ የእስልምና ትምህርት ተማሪውን ማለቱ ነው።

አያቱ በልጅነታቸው ከወሎ ቦረና ተነስተው ለቂርአት የእስልምና ትምህርት ማዕከል እስከሆነችው ዳና ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። ኪታባቸውን አዝለው፣ ባገኙበት አድረው፣ የመንደሩ ሰው የሰጣቸውን በልተው። እናታቸው ሲሞቱ የሰሙት ዘግይተው ነው። ልጁ ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያየ ነገረን። አባቷ ቄስ የሆኑ አንዲት ተማሪ አላስችል ብሏት፣ «ደረሳንም እንደ ቆሎ ተማሪ ውሻ ያባርረዋል እንዴ?» አለችው።

«ውሻው ምን ለይቶ!»

ሳቁ ገደሉን ሞላው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው፤ አንዱ የአጎቱን አኮፋዳ፣ ሌላዋ የአያቷን ሼኽ ያወራሉ፣ ንባቡም በዚያው ቀረ። እኔም ዝም አልኳቸው። ይህን ንጽጽር በየትኛውም የመምህር መምሪያ ላይ አላየሁትም፤ መጽሐፉን በዚህ ዓይን ያነበበልኝ ተማሪም ከዚያ በፊት አልገጠመኝም። ልጁ በሳምንቱ አያቱን ጠይቆ ጽፎ መጣ። ሰኞ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ራሱ አነበበው፤ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው።

«የፍቅር መጽሐፍ ልጆቹን ከትምህርት ያዘናጋል» ለሚሉ፣ የአባላቱ ውጤት ሮስተር ላይ አለ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል። የስፖርት ክበቡ ኳስ ሲፈነዳ በሳምንቱ ይተካል፤ እሰየው፣ ይተካ። የኛ መጽሐፍ ሲገነጠል ያገኘነው ግን መርፌና ክር ነው፣ እሱም ከተማሪ ቤት የመጣ።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ቁልፍ ያለው አንድ መደርደሪያ፣ የማይንኮሻኮሽ ድምጽ ማጉያ፣ ከሁሉ በላይ መጽሐፍ። ደሴና ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባም ዓረብ አገርም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ቤታችሁ አቧራ የጠጣ ቅጂ ካለ ላኩልን። የተገነጠለም እንቀበላለን፤ የጎደለውን የምትገለብጥ ልጅ አለችን። መረከቢያው ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ደረሰኝ ይቆረጣል።